ስንቅና ዕዳ፦ በትንሽ ገንዘብ ባሕር የተሻገሩ ሰዎች ታሪክ

ባሕር ማዶ ለመሄድ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይፈጃል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ኪሱ የሳሳ ሰው ሌላ ምን ይጠይቃል? የታሪክ ተማሪ ግን ሌላም ጥያቄ አለው፤ ይኸውም «ማን ከፈለው?» የሚል ነው። የመርከቡ፣ የባቡሩ፣ የአውሮፕላኑ ዋጋ በየዘመኑ ይወደዳል፣ ይረክሳል። ገንዘብ የሌለው መንገደኛ ግን በየትኛውም ዘመን ሌላ ሰው ሳይከፍልለት የትም አልደረሰም። ያ ሌላ ሰው በምን ውል እንደ ከፈለ ስናይ ነው፣ የአንዱ ጉዞ ለምን ወግ፣ የሌላው ደግሞ ለምን መከራ እንደ ሆነ የሚገባን።

እኛ ይህን ለመለየት ሁለት ቃላት እንይዛለን፤ ስንቅና ዕዳ። ስንቅ ቤተሰብ፣ ጎረቤት፣ ማኅበር ወይም ደግ ባዕድ ለመንገደኛው ቋጥሮ የሚሰጠው ነው። ዕዳ ደግሞ መንገደኛው ገና ሳይደርስ በነገ ጉልበቱ ላይ የሚጻፍ ሂሳብ ነው። ሁለቱም ሰውን ከአገር ያወጣሉ። የሚለያዩት ከደረሱ በኋላ ነው። (ዓመቶቹን በአገራችን አቆጣጠር እናስቀምጣለን፤ በአውሮፓ አቆጣጠር የሆነውን «እ.ኤ.አ.» እንላለን።)

ነገሩን ከከተማችን መካከል፣ ከካዛንቺስና ከቂርቆስ እንጀምረው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ የሚሠራ «ኢንቺስ» የሚሉት ተቋም ነበራቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጊዜ እዚህ ቤቶች ሠራ። «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው፤ በሕዝባችን አፍ ሲንከባለል ካዛንቺስ ሆነ። በዚያ ዘመን ከጣልያን የመጡት ግን ሹማምንትና ወታደሮች ብቻ አልነበሩም። በአገራቸው ሥራ ያጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ድሆች መንገድ ሊሠሩ በመርከብ ተጭነው ምጽዋ ወርደዋል። እነዚያም እኮ በባዶ ኪስ ባሕር የተሻገሩ ሰዎች ናቸው! ቲኬታቸውን የከፈለው መንግሥታቸው ነበር፤ ወጪው ሊወራረድ የታሰበው ግን ከሌላ ሕዝብ መሬት ላይ ነው። ሂሳቡ አልሠራም። አምስት ዓመት ሳይሞላ መንግሥታቸው ተሸንፎ ብዙዎቹ በመርከብ ተመለሱ፤ ለእኛ የሰፈር ስም ቀረልን።

ከካዛንቺስ በመስቀል አደባባይ አድርገን ወደ ለገሃር ስንወርድ ሁለተኛውን ምልክት እናገኛለን። ለገሃርም ከፈረንሳይኛ የመጣ ስም ነው፤ ጣቢያ ማለት ነው። ዛሬ ባሕር ማዶ ሲባል ቦሌ ትዝ ይለናል። ከቦሌ በፊት ግን ለአዲስ አበባ ሰው የባሕር ማዶ በር ይኼ የቂርቆስ ጣቢያ ነበር። ወደዚያ በር ከመመለሳችን በፊት፣ ባቡርም ሐዲድም ሳይኖር የሄዱትን እናስታውስ።

የመጀመሪያዎቹ ባለ ባዶ ኪስ ተጓዦቻችን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ናቸው። አባ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር ከአገር ወጥተው፣ በግብፅ አልፈው፣ ኢየሩሳሌምን ተሳልመው፣ በቆጵሮስ አድርገው አርመን አገር ደረሱ፤ እዚያም አረፉ። ከእሳቸው በፊትም ሆነ በኋላ ስማቸው ያልተጻፈ ስንትና ስንት ሰዎች በዓባይ ሸለቆ ወደ ካይሮ፣ ወይም በምጽዋና በሱዋኪን በቀይ ባሕር ወጥተዋል። እነዚህ ሰዎች ቀበቷቸው ውስጥ ወርቅ አልቋጠሩም። የያዙት በትር፣ ዳዊትና ደረቅ ቂጣ ነው። ታዲያ እንዴት ደረሱ? የደረሱት በየመንገዱ ገዳም ስላለ ነው። ከገዳም ወደ ገዳም እየተቀበሏቸው፣ ከአንዱ የተቆረሰው እንጀራ እስከሚቀጥለው እያደረሳቸው ነው።

ኢየሩሳሌም ሲደርሱም ቤት አላቸው። በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ያለው ዴር ሡልጣን የኢትዮጵያ መነኮሳት ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩበት ቦታ ነው፤ የይዞታው ክርክር ከግብፆች ጋር እስከ ዛሬ አልበረደም። ከአሮጌው ከተማ ቅጥር ውጭ ደግሞ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1885 ዓ.ም. ተፈጸመ። ነገሥታቱ፣ እቴጌዋና መኳንንቱ በዚያ ከተማ ቤት እየገዙና እያሠሩ ኪራዩ ለመነኮሳት መተዳደሪያ እንዲሆን ማድረጋቸው ከጽድቅ ባሻገር ሲታይ ብልህ ሥራ ነበር። ደሃው መንገደኛ ገና ሳይነሣ ማደሪያው ተሠርቶ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ሮምም እንዲሁ ነበረች። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ከ15ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ገደማ ጀምሮ የሐበሻ መንገደኞች ማረፊያ ሆነ። እዚያ ያረፉት የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ግዕዝ የማያነቡ አታሚዎችና ማተም የማያውቁ መነኮሳት ተጋግዘው የሠሩት ሥራ ነው። አንድ መቶ ዓመት ቆይቶ አባ ጎርጎርዮስ እዚያው ሮም ከጀርመናዊው ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ። ሉዶልፍ ያሳተማቸው የግዕዝና የአማርኛ ሰዋስዎች፣ መዝገበ ቃላትና የኢትዮጵያ ታሪክ ከእሳቸው አፍ የተቀዳ ብዙ ነገር አለባቸው። አውሮፓ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት የሚባለው ነገር የተጀመረው እንግዲህ በእንግዳ ማደሪያ ቤት ነው። ሁለቱም አባቶች የተጓዙት በስንቅ ነው፤ ለአደረባቸው ቤትም ውለታቸውን በዕውቀት ከፈሉ።

ይህን ስንል የተቀባይ ቤት ሁሉ ገነት ነበረ ለማለት አይደለም። በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን ገዳም የተቸገረበት ጊዜ ብዙ ነው። ገቢው በጠፋበት ዘመን መነኮሶቻችን የዕለት ምግባቸውን ያገኙ የነበረው ከአርመኖች ገዳም ነበር። እንጀራ ሰጪ ደግሞ ያው የሰው ልጅ ነውና አልፎ አልፎ አለቃ ልሁን ማለቱ አልቀረም። ቢሆንም ምግቡ ባይኖር ገዳሙ ባዶውን ይቀር ነበር።

እዚህ ላይ ታሪክ አንድ ደስ የሚል ነገር ሠርታለች። ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ በአርመኖች ገዳም የተጠለሉ ወላጅ አልባ ልጆች አገኙ። በቱርክ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ናቸው። ቤሳ የላቸውም፣ አገርም የላቸውም። ራስ ተፈሪ አርባውን ወደ ኢትዮጵያ አስመጡ፤ ልጆቹም በዚያው ዓመት መጨረሻ ከጅቡቲ በባቡር አዲስ አበባ ገቡ። «አርባ ልጆች» ተብለው የመንግሥት የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው። ራስ ተፈሪ ያን ጊዜ የድሮውን እንጀራ አስበው እንደ ሆነ ልባቸውን አናውቅም። ነገር ግን አንዱ የሰጠው ስንቅ ዘመን ተሻግሮ በሌላ መንገደኛ እጅ ተመልሶ ሊገኝ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ወደ ራሳችን ወጣቶች እንመለስ። በ19ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከአገር የወጡት አንዳንድ ልጆች ስንቅ የሚቋጥርላቸው እንኳ አልነበረም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አካባቢ ተወለደ፤ አባቱ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ወደቁ። እንደሚነገረው፣ ገና ሕፃን ሳለ ምጽዋ ወደብ ላይ ቆሞ የነበረ የጀርመን መርከብ ለማየት ገብቶ በዚያው ተደብቆ ሄደ። ቲኬት የለ፣ ፓስፖርት የለ! የመርከቡ አዛዥ ለአንድ ኦስትሪያዊ ባለጸጋ ቤተሰብ ሰጠው፤ እነሱም አሳደጉት። በርሊን ሕክምና ተማረ፤ ወደ አገሩም ተመለሰ። ያ ያለ ቲኬት የሄደው ልጅ ኋላ የባቡሩ ሥራ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነ። በ1911 ዓ.ም. በለጋነቱ ካረፈ በኋላ በ1916 የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር እንዴት የሌላው ጥገኛ ሆኖ እንደሚቀር የሚያስረዳ ነው። ስለ አገር ዕዳና ጥገኝነት አስቀድሞ የጻፈልን ሰው በሰው እንጀራ ያደገ መንገደኛ መሆኑን ልብ እንበል።

ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም እንዲሁ ናቸው። ከአድዋ ድል በኋላ ገና ልጅ ሳሉ ሊዮንቲየፍ ከተባለው ሩሲያዊ ጋር ወደ ሩሲያ ሄዱ፤ እዚያ የተቀበላቸው ቤተሰብ እንደ ልጅ አሳደጋቸው፤ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው ተመለሱ። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው፤ በጣልያን ወረራ ዋዜማም ጄኔቭ ላይ ለአገራቸው ተሟግተዋል። አናሲሞስ ነሲብን ደግሞ ከአገሩ ያወጣው ባርነት ነው፤ እጅ ከእጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደርሶ እዚያ ነጻ ወጣ። የስዊድን ሚሲዮን አስተማረው፤ ስዊድን ሄዶም ተማረ። መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ተርጉሞ በ1899 እ.ኤ.አ. አሳተመ።

እነዚህን ሦስት ስሞች ስናነሣ አንድ ነገር መዘንጋት የለብንም። ደግ ሰው ያገኙት ናቸው በታሪክ የተጻፉት። በዚያው በምጽዋ፣ በዚያው በቀይ ባሕር ያለፉና ደግ ሰው ያላገኙት፣ በየገበያው የተሸጡት፣ ቁጥራቸው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ የእነ ገብረ ሕይወት ታሪክ «ዝም ብለህ ሂድ፣ ዕድል ይገጥምሃል» የሚል ምክር አይወጣውም። ዕድል ቤት አይደለም። ኢየሩሳሌም ያለው ቤት ለመጣው ሁሉ በሩን ይከፍታል፤ ዕድል ግን ለአንዱ ከፍቶ በሺህ ይዘጋል።

ከዚያ ባቡሩ መጣ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ፤ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬም ለገሃር የቆመው የጣቢያ ሕንጻ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። በበቅሎና በግመል ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ ሦስት ቀን ሆነ። በዚያ ዘመን ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ አንድ ሌሊት አዋሽ፣ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ ይታደር ነበር። ባለ አንደኛ ማዕረግ ሆቴል ይገባል፤ ባለ ሦስተኛ ማዕረግ ጋቢውን ተከናንቦ ባገኘው ያድራል። ከጅቡቲ በፈረንሳዮች መርከብ በስዊስ ቦይ አድርጎ ሳምንት አልፎ ማርሴይ ነው።

በዚህ መንገድ መንግሥት የላካቸው ተማሪዎች ወደ እስክንድርያ፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ፓሪስ ሄዱ። እነሱ የሄዱት በመንግሥት ወጪ ነው። የመንግሥት ወጪ የሚባለው ግን ከየት የመጣ ነው? ከባላገሩ አሥራትና ግብር፣ በግመልና በባቡር ከወረደው ቡናና ቆዳ ቀረጥ ነው። አንድ ልጅ ፓሪስ እንዲማር ስሙን እንኳ የማያውቁት ገበሬዎች ስንቅ ቋጥረውለታል። ከተመለሱት ብዙዎቹ ይህን ስላወቁ ነው የለውጥ ሰዎች የሆኑት፤ ብዙዎቹም በፋሺስቶች እጅ ያለቁት። የረሱትም አልጠፉም።

አንድ ችግር እዚህ ላይ ይገጥመናል። የጉዞ መጽሐፍ የጻፉልን በመንግሥት ወጪ የሄዱት ናቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የ1916ቱን የአውሮፓ ጉዞም ሆነ የጃፓኑን ጉዞ ጽፈውልናል፤ ሁለቱም የክብር ጉዞዎች ናቸው። በሦስተኛ ማዕረግ የሄደው አሽከር፣ ሻንጣ ተሸካሚው፣ ተሳላሚዋ ባልቴት ምን እንደ በሉ፣ የት እንዳደሩ የጻፈ የለም። የድህነት ጉዞ ታሪካችን ከመጻሕፍት ይልቅ ያለው በአያቶች አፍ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ግን ችግር ወደ ላይም ይወጣል። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ ባቡር ጅቡቲ ወርደው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሃይፋ፣ ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። በኋላም እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ውስጥ ፌርፊልድ በተባለ ቤት የስደት ዘመናቸውን አሳለፉ። የገንዘብ እጥረቱ እስከ ብር ዕቃቸውን መሸጥ አድርሷቸዋል። ከሳቸው ያነሱት ስደተኞች ደግሞ ኢየሩሳሌም ቀርተው የተጠለሉት በዚያው፣ ቀደም ሲል ነገሥታትና መኳንንት ለደሃ መነኮሳት ባሠሩት ግቢ ነው። ለደሃ የተሠራ ቤት ለጌታም እንደሚተርፍ ማን አሰበ? መኳንንቱ ሲያሠሩት ለነፍሳቸው ነበር፤ ልጆቻቸው ለሥጋቸው ተጠለሉበት።

ከነጻነት በኋላ አውሮፕላን መጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። አውሮፕላን መንገዱን አሳጠረው፤ ነገር ግን በመንገዱ ላይ የነበሩትን ማደሪያዎች ሁሉ ዘለላቸው። በእግር ያለው መንገደኛ እየለመነም፣ እየሠራም፣ እያረፈም ይደርሳል። አውሮፕላን ላይ እየሠሩ መሄድ የለም፤ ገንዘቡ በሙሉ ከመነሣት በፊት መገኘት አለበት። የድሃ ጉዞ ትልቁ ለውጥ ይኼ ይመስለናል። ድሮ ወጪው በመንገዱ ላይ ተበትኖ በብዙ እጅ ይሸፈን ነበር፤ አሁን በአንድ ቀን፣ በአንድ መስኮት ይጠየቃል።

ከተማችንም በበኩሏ የራሷን ስንቅ ቋጥራ ታውቃለች። በ1950 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ለሁለት መቶ አፍሪካውያን ተማሪዎች ነጻ የትምህርት ዕድል እንደሚሰጥ አስታወቀ። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ወጣቶች መጡ። ለእነሱ ባሕር ማዶ ማለት አዲስ አበባ ነበረች። እንግዶቹ ቅኝ አገዛዝን ሲታገሉ ያደጉ፣ ጥያቄ የለመዱ ስለ ነበሩ በግቢው ተማሪ ላይ ያሳደሩት መነቃቃት የተማሪውን ንቅናቄ ታሪክ የጻፉ ሁሉ የሚመሰክሩት ነው። እዚሁ ካዛንቺስ ጥግ በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተበት። ከዚያ ወዲህ በአበል የሚመጡ ልዑካንና በዕቁብ የሚሄዱ የሰፈር ልጆች በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ።

ስለ ዕቁብ ካነሣን፣ የካዛንቺስና የቂርቆስ የጉዞ ታሪክ ዕቁብና ዕድር ሳይጠቀስ ሊጻፍ አይችልም። ልጅ ሊሄድ ነው ሲባል የዕቁብ ዕጣ ተለምኖ ይሰጣል። የወርቅ ሐብል ይሸጣል። እትዬ እከሊት በርበሬና ሽሮ ታዘጋጃለች፤ ሌላዋ ዳቦ ቆሎና በሶ፤ ጋሼ እከሌ ደግሞ እዚያ አገር ላለው የወንድሙ ልጅ ደብዳቤ ይጽፋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ይኼ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የጋሼ ደብዳቤ ነው፤ ምክንያቱም በርበሬው ያልቃል፣ ደብዳቤው ግን በር ያስከፍታል። ኢየሩሳሌም ያለው ገዳም ያደርግ የነበረውን ሥራ ዛሬ የሚያደርገው ዋሽንግተን ወይም ሮም ያለ የአንድ ዘመድ ሳሎን ነው።

ደርግ በመጣ ጊዜ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ በመንግሥት የትምህርት ዕድል ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ወደ ኩባ የሚያስኬድ ነበር። ከ1971 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ብዙ ሺህ ሕፃናት፣ አባቶቻቸውን በጦርነት ያጡም ያሉባቸው፣ ኩባ ውስጥ የወጣቶች ደሴት በተባለው ቦታ ተምረዋል። ሁለተኛው መንገድ መውጫ ቪዛ ላጡት ነበር፤ በእግር፣ በሌሊት፣ ወደ ሱዳን። የቂርቆስ ልጆች በሁለቱም መንገድ ሄደዋል። ሱዳን የገቡት ካርቱም ላይ በሰው ቤት ሎሌነት እየሠሩ ዓመታት ጠበቁ፤ አሜሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ሕግ ካወጣች በኋላ በርካቶች በዚያ ገቡ። በኋላ ጓደኞቻቸውን በየሳሎናቸው ያስተናገዱት እነዚሁ ናቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደርሰናል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በሩ ተከፈተ። በተከፈተው በር የገባው ግን ደላላ ነው። ወደ ቤይሩት፣ ወደ ጅዳ፣ ወደ ዱባይ የሄዱት እህቶቻችን አብዛኞቹ ስንቅ የሚቋጥር ጎረቤት አላጡም፤ ያጡት ተቀባይ ነው። የሚቀበላቸው አሠሪ ነው፤ ፓስፖርታቸውን የሚይዝ፣ «ከፍዬብሻለሁ» የሚል አሠሪ። ጉዞው በወረቀት ሲታይ ርካሽ ነው፤ እንዲያውም ነጻ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የመግቢያ ቪዛውንና የደርሶ መልስ መጓጓዣውን አሠሪው እንዲከፍል፣ ሠራተኛዋ ፓስፖርትና የሕክምና ምርመራን የመሰለውን ብቻ እንድትሸፍን ደነገገ። ሕጉ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሕጉ ያለው ወረቀት ላይ፣ ደላላው ያለው ደጃፍ ላይ ነው። ደላላው ገንዘቡን ከቤተሰቧ፣ አሠሪው ከጉልበቷ ይወስዳል፤ ወሮች የሠራችው ለዕዳ ይገባል። አባቶቻችን ከአገሩ የወጣ ሰው ሲጭኑት አህያ፣ ሲለጉሙት ፈረስ ይሆናል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዐረቢያ ወረቀት የሌላቸውን ስታባርር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። በፌስታል ልብስ ይዘው ቦሌ የወረዱትን አገር ሁሉ አይቷል። ብዙዎቹ የሄዱት ቤተሰባቸው ከብት ሸጦ፣ መሬት አስይዞ፣ በአራጣ ተበድሮ ነው። ሰው ተመለሰ፤ ዕዳው ግን እቤት ቁጭ ብሎ ጠበቀው።

ዲቪ የሚባለውም ዕጣ ሳይቀር በዚሁ ሚዛን ሊታይ ይችላል። ዕጣው የደረሰው ሰው ደስታው ሳይበርድ ለኤምባሲው፣ ለሕክምናው፣ ለቲኬቱ ገንዘብ ይፈልጋል። ዘመድ ያለው በስንቅ ይሄዳል። ዘመድ የሌለው ወጪውን ከሚችልለት ሰው ጋር በወረቀት ተጋብቶ የሄደበት ጊዜ አለ፤ ይኼም እንግዲህ ሌላ ዓይነት ዕዳ ነው።

ከዚህ ሁሉ ምን እናገኛለን? «አትሂዱ» የሚል ስብከት አይደለም። ኤዎስጣቴዎስ ሄደዋል፣ ጎርጎርዮስ ሄደዋል፣ ገብረ ሕይወት ሄዷል፤ እኛም አንሄድም ብለን አንምልም። በየመኝታ ክፍላችን የትምህርት ዕድል ማመልከቻ የማይሞላ ተማሪ ማን አለ? የምናገኘው ይኼ ነው፦ የጉዞን ርካሽነት በቲኬት ዋጋ መለካት ያታልላል። በትንሽ ገንዘብ ሄደው ለቁም ነገር የበቁት ሰዎች ከመነሣታቸው በፊት ስንቅ፣ ከደረሱ በኋላ ቤት ነበራቸው። ቤቱ ገዳም ይሁን፣ ትምህርት ቤት፣ ወይም የጓደኛ ሳሎን ልዩነት የለውም፤ ዋናው ነገር እንግዳውን በዕዳ አለመያዙ ነው። በብዙ ገንዘብ ሄደው የጠፉት ደግሞ የሚጠብቃቸው ባለ ዕዳ ጠያቂ ብቻ ነበር። ስለዚህ ማናችንም ስንነሣ «ስንት ይፈጃል?» ከማለት በኋላ «ማን ይቀበለኛል? የከፈለልኝስ በምን ውል ከፈለ?» ብለን እንጠይቅ። ለሁለቱ መልስ ያጣ ጉዞ በነጻ ቢሰጠን እንኳ ውድ ነው።

ሌላ ሥራም አለብን፤ ይኼኛው አይቆይም። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈር በአብዛኛው ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውሯል። የለገሃሩ ጣቢያም ባቡር ካየ ብዙ ዓመት ሆነው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚነሣው ከከተማው ዳር ነው። ቤት ሲፈርስ የሚጠፋው ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ ዕቁቡ ይበተናል፣ ዕድሩ ይበተናል፣ «ለሱ ልጅ ቲኬት ያዋጣነው እኛ ነን» የሚሉ እናቶች በየኮንዶሚኒየሙ ይለያያሉ። በሦስተኛ ማዕረግ የሄደው ሰው ታሪክ የተጻፈው በእነሱ ልብ ላይ ብቻ ነው ብለናል።

እንግዲህ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነንና ሥራው የእኛው ነው። እያንዳንዳችን በዚህ ዕረፍት አንድ እናት ወይም አንድ አባት ዘንድ ሄደን ሦስት ነገር ጠይቀን እንጻፍ፦ ከዚህ ሰፈር መጀመሪያ ባሕር የተሻገረው ማን ነበር? ማን ማን ምን ያህል አዋጣለት? ሲደርስስ ማን ተቀበለው? አሮጌ ደብዳቤ፣ የዕቁብ መዝገብ፣ ከጅቡቲ የተላከ ፎቶግራፍ ካለ ባለቤቱን አስፈቅደን እንቅዳው። የሰበሰብነውን ይዘን ስንመለስ በሚቀጥለው እትም ጎን ለጎን እናወጣዋለን። የየሰፈሩ ስንቅ ምን ያህል እንደ ነበረ ያን ጊዜ በእርግጥ እንናገራለን።